በእረፍት ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመውን ልጅ ፈልጉ፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተሸማቀቁ ልጆች ጎን የሚቆም ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

ድሬዳዋ ውስጥ ጥላ ሀብት ነው። ይህን ለማየት በእረፍት ሰዓት አንድ ትምህርት ቤት ግቢ መግባት ይበቃል። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ሁሉ ወደ ኒም ዛፎቹና ወደ ክፍሎቹ በረንዳ ይሮጣሉ። ግንቦት ላይ ሜዳው እንደ ምጣድ ይግላል። በዚያ ሰዓት አጥር ተደግፎ፣ ወይም ባንዲራ መስቀያው አጠገብ ብቻውን የቆመ ልጅ ካያችሁ፣ ፀሐይ ወዶ አይደለም። ጥላው ስር የሚጠብቀውን ስለሚያውቅ ነው።

እኔም እዚያ ቆሜያለሁ። 2006 ዓ.ም. ነበር፤ 7ኛ ክፍል። እንተባተባለሁ፤ ዛሬም እንተባተባለሁ። ምላሴ በተለይ "ደ" ላይ ይያዛል። የከተማዬ ስም ደግሞ በ"ድ" ይጀምራል። አንድ ቀን አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ተነስቼ እንዳነብ ታዘዝኩ። ስለ ድሬዳዋ የሚያወራ ምንባብ ነበር። "ድ… ድ… ድ…" ስል ከኋላ አንዱ "ባጃጇ አልነሳ አለች፣ ግፏት!" አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜ ባጃጅ ሆነ። ከዚራ መንገድ ላይ እውነተኛ ባጃጅ ሲነሳ ሰውነቴ የሚሸማቀቅበት ጊዜ ነበር። በዚህች ከተማ ደግሞ ባጃጅ የማያልፍበት መንገድ የለም።

መጀመሪያ የደረሰልኝ ዳይሬክተር አይደለም፤ መምህርም አይደለም። የክፍሌ ልጅ ናት። አንድ ቀን ከጥላው ወጥታ አጠገቤ መጥታ ቆመች። በር ላይ የገዛችውን ባጂያ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ስለ ስሜ ምንም አላለችም፤ ስለ ሒሳብ የቤት ሥራ ነው ያወራችኝ። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን ሌላ ልጅ ይዛ መጣች። ባጃጅ የሚለው ስም ያን ጊዜ አልጠፋም። ግን ክፍሉ ሲስቅ የማይስቁ ሁለት ሰዎች አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለንባብ ስነሳ ዓይኔን እነሱ ላይ አደርግ ነበር።

2010 ዓ.ም. 11ኛ ክፍል ስንደርስ፣ እሷና እኔ ሌሎች ሦስት ልጆች ጨምረን ክበብ መሠረትን። ዛሬ ክበቡ የተመዘገበ ማኅበር ሆኗል። ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች ልጆችና መምህራን "እኛስ እንዴት እንጀምር?" ብለው ይጠይቁናል። ያደረግነውን፣ ያበላሸነውንም ጨምሬ እዚህ እጽፈዋለሁ።

በልጆቹ ቃል ጠይቁ

"ቡሊንግ ደርሶብህ ያውቃል?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ "አይ" ነው። ቃሉን አያውቁትም። "ጉልበተኝነት" ብትሉም ግብግብ ብቻ ነው የሚመስላቸው። ልጆቹ የሚሉት "ሙድ ያዙብኝ" ነው። "አገለሉኝ" ይላሉ። "ስም አወጡልኝ" ይላሉ። ሴቶቹ "ይለክፉናል" ይላሉ። በእነዚህ ቃላት ጠይቁ፤ ታሪኩ ይወጣል።

አንድ ክርክር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይገጥማችኋል። "አቦ ተዪ፣ ጨዋታ እኮ ነው!" ይሏችኋል። የድሬ ልጅ ተጫዋች ነው፤ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። እኔም ፎገራ ይጥፋ አልልም። ታዲያ ጨዋታውና ጥቃቱ በምን ይለያያሉ? ዳን ኦልዌየስ የሚባል በኖርዌይ የሠራ ተመራማሪ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን አጥንቷል። ሦስት ምልክት ትቶልናል። አንደኛ፣ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ሁለተኛ፣ ይደጋገማል። ሦስተኛ፣ የኃይል ልዩነት አለ፤ ተጠቂው በቀላሉ ራሱን መከላከል አይችልም። ኃይል ሲባል ክንድ ብቻ አይደለም። አስር ሆኖ አንዱ ላይ መሳቅም ኃይል ነው።

ለልጆች ስናስረዳ ግን ሁለት ጥያቄ ብቻ እንጠይቃለን። አንደኛው፣ "ነገ እሱ በተራው ቢፎግርህ ትስቃለህ?" ሁለተኛው፣ "የስሙ ባለቤት ራሱን ሲያስተዋውቅ በዚያ ስም ይጠራል?" በሁለቱም መልሱ "አይ" ከሆነ ጨዋታ አይደለም። ይህን የ4ኛ ክፍል ልጅም ይረዳዋል።

ካርታ ሥሩ

ክበብ እንዳቋቋማችሁ ፖስተር ለመለጠፍ አትቸኩሉ። ለሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ ደብተር ግዙ። በመጀመሪያው ገጽ የግቢውን ካርታ ሣሉ፦ በሩ፣ ክፍሎቹ፣ ቧንቧው፣ ሽንት ቤቱ፣ ጥላዎቹ። ከዚያ ልጅ ሲገፋ፣ ሲሰደብ ወይም ሲገለል ባያችሁ ቁጥር ቦታው ላይ ነጥብ አድርጉና ሰዓቱን ጻፉ። የልጅ ስም ግን አትጻፉ። ደብተር ይጠፋል፤ ደብተር ይሰረቃል።

እኛ ይህን ስናደርግ በጣም ገረመን። አብዛኛው ነገር ክፍል ውስጥ የሚሆን ይመስለን ነበር። ነጥቦቹ ግን ሦስት ቦታ ተከማቹ። አንደኛው ቧንቧው ነው። በዚህ ሙቀት ሁሉም ልጅ ውሃ ይፈልጋል፤ እረፍቱ ግን አጭር ነው። ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየገፉ ይጠጣሉ፤ ትንንሾቹ ሳይጠጡ ይገባሉ። ሁለተኛው በሩ ነው፤ 6 ሰዓት ላይ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣና የከሰዓቱ ሲገባ። የሁለት ፈረቃ ልጆች እዚያች ጠባብ በር ላይ ይገናኛሉ፤ መምህራኑ ደግሞ ምሳ ላይ ናቸው። ሦስተኛው የሴቶች ሽንት ቤት መንገድ ነው።

ከግቢ ውጭ ደግሞ ደቻቱ አለ። ክረምት ላይ ጎርፍ የሚያወርደው ወንዝ በበጋ ሰፊ አሸዋ ነው። በእኛ ጊዜ "አሸዋው ላይ እንገናኝ" ማለት የድብድብ ቀጠሮ ነበር። ይህንም ካርታው ላይ አድርጉት። ትምህርት ቤት "ከአጥር ውጭ አያገባንም" ይላል፤ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ያንን አሸዋ ነው።

ጥበቃውን፣ ባጂያና ሳምቡሳ የሚሸጡትን እናቶች ጠይቁ። ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ፣ የማን የምሳ ብር በየቀኑ እንደሚነጠቅ ከማንም መምህር በላይ ያውቃሉ። በር ላይ የምትሸጥ አንዲት እናት "ያ ትንሹ ልጅ ሁሌ ሁለት ይገዛል፤ አንዱንም ግን በልቶ አያውቅም" ብላ ነገረችን። እኛ ሁለት ሳምንት ስንመለከት ያላየነውን።

አምስት ሰው ይበቃል

ሃምሳ ልጅ አትሰብስቡ። አምስት በቂ ነው። ግን አምስቱ የተለያዩ ይሁኑ። አንዱ ትንሽ ክፍል የሚማር፣ አንዱ ኳስ የሚጫወትና ሁሉም የሚያውቀው፣ ቢያንስ ሁለት ሴት። ድሬ ውስጥ ደግሞ ቋንቋ ትልቅ ነገር ነው። አምስታችሁ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ መሸፈን አለባችሁ። ልጅ ሆዱ ሲብስ በአፍ መፍቻው ነው የሚያወራው። አንዲት ልጅ እኔ በአማርኛ ስጠይቃት ለሦስት ሳምንት "ደህና ነኝ" ብቻ ትለኝ ነበር። ጓደኛችን በሶማልኛ ሲጠይቃት ሁሉንም ነገረችው።

አንድ መምህር ያስፈልጋችኋል። ስለ ዲሲፕሊን ብዙ የሚያወራውን አትምረጡ። በእረፍት ሰዓት ልጆች ዙሪያውን የሚከቡትን ምረጡ።

ዳይሬክተሩ ቢሮ

ክስ ይዛችሁ አትግቡ። ካርታውን ይዛችሁ ግቡ። "በዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ይሰቃያሉ" ካላችሁ፣ ዳይሬክተሩ የሚሰማው የትምህርት ቤቱ ስም ሊጠፋ መሆኑን ነው። "ቧንቧው ጋ በሁለት ሳምንት ይህን ያህል ጊዜ ግፊያ አይተናል፤ ትንንሾቹ ቀድመው ቢሰለፉ ይቀንሳል ብለን አስበናል" ካላችሁ ግን የሚፈታ ነገር ሰጣችሁት።

ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሳምንት 20 ደቂቃ፣ አንድ መምህር፣ የቧንቧው ሰልፍ ቅያሪ። ከዚህ በላይ በመጀመሪያው ቀን አትጠይቁ። እኛ የቧንቧውን ብቻ ተፈቀደልን። እሱን ሠራን፤ ሰልፉ ሲስተካከል ሌሎቹ ተከተሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጽኑ። "ስም ስጡኝና እገርፋቸዋለሁ" ከተባላችሁ ስም አትስጡ። በጎማ የተገረፈ ልጅ የሚማረው ጉልበት ያለው እንደሚመታ ነው። እሱማ ከድሮም የሚያውቀው ነው። ሕጉም አይፈቅድም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። በትሕትና፣ ግን አንቀጹን ጠቅሳችሁ ተናገሩ።

ሥራው ያለው የሚስቁት ላይ ነው

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ሁሉም ሰው ጉልበተኛውን ማረም ይፈልጋል። ወይም ተጠቂውን ማበርታት ይፈልጋል፤ "አንተም ምታው"፣ "ንቀሽ ተያቸው"። እኔ ክፍል ውስጥ "ባጃጅ" ያለኝ ልጅ አንድ ነበር። የሳቁት ግን ከሃምሳ በላይ ናቸው። እነሱ ባይስቁ ኖሮ ቀልዱ እዚያው ይሞት ነበር። እና ከሃምሳዎቹ ብዙዎቹ ክፉ ልጆች አልነበሩም። ስለፈሩ ሳቁ። ሌላው ስለሳቀ ሳቁ።

በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ተመራማሪዎች በትምህርት ቤት ግቢዎች ልጆችን በካሜራና በማይክሮፎን ተከታትለው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አውጥተዋል። ካዩዋቸው ጥቃቶች 88 በመቶ ያህሉ ላይ ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ጣልቃ የሚገባ ልጅ የተገኘው ግን 19 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ልጆች ጣልቃ ሲገቡስ? ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አስር ሰከንድ! ፊንላንድ ውስጥ ኪቫ የተባለውና በብዙ ትምህርት ቤቶች የተሠራበት ፕሮግራምም ዋና ትኩረቱ ቆመው የሚያዩት ልጆች ናቸው።

እኛ በየሳምንቱ 20 ደቂቃ የምንለማመደው ይህንን ነው። ንግግር አናደርግም፤ በድራማ እንለማመዳለን። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ይሰደባል፣ የቀሩት ተመልካች ይሆናሉ። ተመልካቾቹ የሚለማመዱት ከቀላሉ ይጀምራል። መጀመሪያ አለመሳቅ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት፣ ከባድ ነው። ፊትን ማዞር፣ ደብተር መክፈት ይቻላል። ቀጥሎ ልጁን ከዚያ መጥራት። "ና፣ ኳስ ላይ ሰው ጎደለን።" "ነይ፣ ደብተርሽን አውሺኝ።" ከተሳዳቢው ጋር አንድም ቃል መለዋወጥ አያስፈልግም፤ ልጁ ከመሃል ይወጣል፣ ሙዱም ይበርዳል። ከዚያ በኋላ፣ ሁሉም ሲበተን፣ አጠገቡ ሄዶ መቆም። በመጨረሻ ለትልቅ ሰው መናገር።

ድብድብ ውስጥ እንዳይገቡ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። "እኔ እመታልሃለሁ" የሚል ተመልካች አንፈልግም፤ ሁለት ተጎጂ ነው የሚያመጣው።

ለትልቅ ሰው መናገር ላይ "ሰባቂ" የሚለው ስድብ አለ። ይህን ፊት ለፊት አውሩት። ሰው እንዲገረፍ መንገርና ሰው እንዲድን መንገር አንድ አይደሉም። የምሳሌ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ "ትንሽ ልጅ ደቻቱ ጎርፍ ሲወስደው ብታይ፣ ሰባቂ እንዳትባል ዝም ትላለህ?" የድሬ ልጅ የሐምሌ 1998ቱን ጎርፍ ከቤተሰቡ ሰምቷል። ይህን ጥያቄ አቅልሎ የመለሰ ልጅ አላየሁም።

የቀን በዓል ከፈለጋችሁ አለ። ዩኔስኮ በትምህርት ቤት የሚደርስ ጥቃትን የሚቃወም ቀን ሰይሟል፤ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ የኖቬምበር የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ ይከበራል። በእኛ ሁሌም ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይውላል። ካናዳ ውስጥ በ2007 (እ.ኤ.አ.) አንድ አዲስ ተማሪ ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ መጣ ተብሎ ሲሰቃይ፣ ሁለት የ12ኛ ክፍል ልጆች 50 ሮዝ ቲሸርት ገዝተው ለትምህርት ቤቱ ልጆች አደሉ። እኛ ዩኒፎርም ስላለን ያ አይሆንልንም። ስለዚህ በዚያ ቀን እረፍት ላይ ለአምስት ደቂቃ ሁሉም ከጥላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንዲቆም ጠየቅን። የመጀመሪያው ዓመት ሰላሳ የሚሆን ልጅ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ግቢው ሞላ። ባጂያ የሚሸጡት እናቶች እንኳ ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆሙ። ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ይለዝባል፤ ግንቦት ላይ አትሞክሩት።

ዓርቡ ግን ከሐሙሱ ይበልጣል። ዓርብ እረፍት ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ ልጅ ካለ፣ የሐሙሱ ነገር ለፎቶ ብቻ ነበር ማለት ነው።

"ታረቁ" ለማለት አትቸኩሉ

ትልቁ ስህተታችን የመጀመሪያው ሚኒ ሚዲያ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ አንድ ልጅ የደረሰበትን ስሙን ሳንጠራ አነበብን። ክፍሉን ግን ተናግረናል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ማን እንደሆነ አወቀ። ልጁ ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ። እኔ ቤቱ ሄጄ እናቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። ታሪኩ የልጁ ነው፤ ሳይፈቅድ፣ ሲፈቅድም ለሌላ ዓላማ አታውሩት።

ሁለተኛው ችግር ከእኛ አልመጣም፤ ከደግ ልብ የመጣ ነው። አገራችን የሽምግልና አገር ናት። ሁለት ልጆች ሲጋጩ መምህሩ ጠርቶ "በሉ ታረቁ፣ ተቃቀፉ" ይላል። እኩል ለተጣሉ ልጆች ይህ ጥሩ ነው። ለጥቃት ግን አይሆንም። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ወር ሙሉ ደብተሩ ሲቀደድበት ቆይቶ ተናገረ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው አሳቀፏቸው። ልጁ አቀፈ፤ ምን ያድርግ? ከትምህርት ቤት ሲወጣ "ሰባቂ" ተብሎ ተመታ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረም። እኛ ያወቅነው ባጂያ ከምትሸጠው እናት ነው።

ስለዚህ ለየብቻ አነጋግሩ። ከተጎዳው ጀምሩ። "ለምን አልመታኸውም?" አትበሉ፤ "ምን ብለኸው ነው?" አትበሉ። "ይመቱሃል?" ብሎ መጀመርም ያሸማቅቃል። እኔ የምጠይቀው "በእረፍት ከማን ጋር ነህ?" ነው። ቀጥሎ "ከቀኑ የትኛው ሰዓት ይከብድሃል?" ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አትጠይቁ፤ ወደ ቤት እየሄዳችሁ፣ ጎን ለጎን እየተራመዳችሁ ይሻላል። ዓይን ለዓይን ሳይገናኙ ማውራት ይቀላል። ስትሰሙ አትቸኩሉ። እኔ ስለምንተባተብ ልጆች ከእኔ ጋር አይቸኩሉም፤ እኔም አላስቸኩላቸውም።

ከዚያ "ምን ቢሆን ይሻልሃል?" በሉት። መልሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ወንበር መቀየር። ከሰዓት በኋላ አብሮት የሚወጣ ሰው። ያንን አድርጉ። ከዚያ ተመልሳችሁ ጠይቁ፦ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ። ዕርቅ ከፈለገ እሱ ራሱ ይጠይቃል፤ ያኔ ይደረግ።

ስቲከር

አሁን ያለው ጥቃት ብዙው ስልክ ላይ ነው። የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። የአንዲት ልጅ ፎቶ ተቆርጦ ስቲከር ይሆናል። ሌሊት ሙሉ ይላካል። ጠዋት ክፍል ስትገባ ሁሉም ይስቃል፤ እሷ ግን ለምን እንደሚስቁ ላታውቅ ትችላለች።

ስክሪን ሹት አንሱ፤ ቀኑና የግሩፑ ስም ይታይ። ለሌላ ሰው አታስተላልፉ። የመልስ ስቲከር አትሥሩ። የግሩፑን አድሚን በግል አናግሩ፤ ብዙ ጊዜ እሱም ልጅ ነው፣ ፈርቶ ያጠፋዋል። ለቴሌግራምም ሪፖርት አድርጉ። ማስፈራሪያ ካለበት ጉዳዩ የሕግ ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 በኢንተርኔት ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን ያስቀጣል። የልጅ ራቁት ፎቶ ከሆነ ደግሞ ስክሪን ሹትም አታንሱ፤ ምንም ቅጂ አትያዙ። የዚያኑ ቀን ከወላጅ ጋር ወደ ፖሊስ ሂዱ።

ከእኛ አቅም በላይ የሆነ

እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ፖሊስ አይደለንም። ይህን ለልጆቹም ንገሯቸው። "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ቃል አትግቡ። "የሚያስፈልግ ከሆነ ለአንድ ሰው እነግራለሁ፤ ማን እንደሆነ ግን አንተ ታውቃለህ" በሉ።

ልጅ "ባልኖር ይሻለኛል" ካለ ብቻውን አትተዉት። የዚያኑ ሰዓት ወላጅና መምህር ይወቁ፤ ወደ ጤና ተቋም ይሄድ። የወሲብ ጥቃት ከሆነ ሰዓት ወሳኝ ነው፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። "ነገ እንነጋገር" አይባልም።

ስም ያወጣው ልጅ

ባለፈው ዓመት "ባጃጅ" ብሎ ስም ያወጣልኝን ሰው ቀፊራ ገበያ አገኘሁት። ሰላም አለኝ። ነገርኩት። በጣም ደነገጠ። "እኔ ነኝ እንዴ?" አለኝ። አያስታውስም። እኔ ቀኑን፣ የተቀመጥኩበትን ወንበር፣ የመስኮቱን ብርሃን አስታውሳለሁ። እሱ ምንም አያስታውስም። ውሸቱን አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ጥቃት ከሚያደርሱ ልጆች ጋር አወራራችንን ቀየርን። "አትረብሽ"፣ "ጥሩ ልጅ ሁን" ማለት ባዶ ነው። "ማክሰኞ ቧንቧው ጋ የዚህን ልጅ ኮዳ ደፋህ፤ እሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ አይጠጣም" ብላችሁ ንገሩት። የተደረገውን፣ ያመጣውን። ከዚያ "እንዴት ትክሰዋለህ?" ብላችሁ ጠብቁ። እና "ጉልበተኛ" ብላችሁ አትጥሩት። ስም ማውጣትን እየተቃወምን ስም ማውጣት የለብንም። አንዳንዱ ልጅ ይመለሳል። አንዳንዱ አይመለስም፤ ያኔ ወላጅ ይጠራል፣ ተጎጂው ይጠበቃል፣ ሥራው ይቀጥላል።

ምዝገባና ብር

አትቸኩሉ። እኛ አራት ዓመት ያለ ምንም ወረቀት፣ በትምህርት ቤት ክበብነት ሠርተናል። ለቧንቧ ሰልፍ ማኅተም አያስፈልግም። ከአንድ ትምህርት ቤት በላይ ስትሠሩና ብር መቀበል ስትጀምሩ ግን ተመዝገቡ። ሕጉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ። ድሬዳዋና አዲስ አበባ የሚቋቋሙ ድርጅቶች የሚመዘገቡት በፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው። ሐረር ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ መንገዱ የክልሉ ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዙ። የሚያለቅስ ልጅ ፎቶ አንስታችሁ ገንዘብ አትጠይቁ። ይህን የጠየቀንን ለጋሽ እኛ እምቢ ብለናል፤ በዚያ ዓመት ብር አጥሮን ነበር፤ ግን እንዲያም ሆኖ ሠርተናል።

ደብተሩን አስረክቡ

ክበቦች የሚሞቱት መሥራቾቹ 12ኛ ክፍል ሲጨርሱ ነው። ፈተና ከመድረሱ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ደብተሩን ለ9ኛ ክፍሎች ስጡ። አብራችኋቸው ሁለት ሳምንት በእረፍት ሰዓት ግቢውን ዙሩ። ካርታውን አዲስ ገጽ ላይ ራሳቸው ይሣሉት፤ የእናንተን አይገልብጡ። ቧንቧ ይቀየራል፣ አዲስ ሕንፃ ይሠራል፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ ጥላውም ቦታውን ይለውጣል። እኛ ያስረከብናቸው ልጆች በመጀመሪያው ቀን አዲሱ ላይብረሪ ጀርባ ነጥብ አደረጉ። እኛ ያንን ቦታ አናውቀውም ነበር።